ስለ አነስተኛ ትራክተር ግዢ፤ ተራው ይሻላልን ወይስ «ደ ሉክስ» የተባለው?

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በንግድ ሥራ ጥቂት ጥሪት ያፈራ ሰው ዓይኑን ወደ እርሻ መመለሱ የሚያስመሰግን ነገር ነው። በከተማ ሱቅ የከፈተው፥ ዕቃ ከውጭ የሚያስመጣው፥ ሰሊጥና ጥራጥሬ ወደ ውጭ የሚልከው ነጋዴ በገጠር መሬት ተከራይቶ ወይም ከዘመዶቹ ይዞታ ጋር ተዳብሎ ስንዴ፥ ጤፍና ሽንኩርት ለማምረት በተነሣ ጊዜ፥ የመጀመሪያው ከባድ ወጪ ሆኖ የሚያጋጥመው የትራክተር ግዢ ነው። የገጠር መሬት በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ከግል ባለቤትነት የወጣ ስለ ሆነ፥ ባለ እርሻው በማሳው ላይ ቆሞ «ይህ የኔ ነው» ሊል የሚችለው ዋና ንብረት ይኸው የእርሻ መኪና ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ በምርጫው ላይ የሚደርሰው ስሕተት እንደ ተራ ዕቃ ግዢ የሚታለፍ አይደለም፤ የአንድ ክረምት አዝመራ፥ አንዳንድ ጊዜም የብዙ ዓመት የንግድ ትርፍ ይዞ ይጠፋል።

ገዢው ወደ ሻጩ ቢሮ በገባ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ሁለት ፕሮፎርማ ይቀርብለታል። በሁለቱም ላይ የተጻፈው የፈረስ ጉልበት እኩል ወይም የተቀራረበ ነው። አንደኛው ግን «ተራ»፥ ሁለተኛው «ደ ሉክስ» ይባላል። ሻጩም የገዢውን አለባበስና የመጣበትን መኪና ተመልክቶ፥ «ለእርስዎ የሚገባውስ ይኸኛው ነው» ይላል። በዚህ ጊዜ ከነጋዴዎች መካከል ሁለት ዓይነት ጠባይ ይታያል። አንደኛው ርካሹን መግዛት ክብሩን የሚነካ መስሎ ይታየዋል። ሁለተኛው ደግሞ በሱቁ ልማድ ከታችኛው ዋጋ በቀር ሌላ አያይም። ሁለቱም የመረጡት ስሙን ወይም ዋጋውን ነው እንጂ መኪናውን አይደለም። «ደ ሉክስ» የሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ትርጉሙ የቅንጦት ማለት ሲሆን፥ በትራክተር ላይ በተጻፈ ጊዜ ግን አንዳንድ ጊዜ እውነተኛ ቅንጦትን፥ አንዳንድ ጊዜም እጅግ አስፈላጊ የሆነ ብረትን ይሸፍናል። ነገሩ ሁሉ ያለው እነዚህን ሁለቱን በመለየት ላይ ነው።

ለዚህ ጉዳይ ጥሩ ማስረጃ የሚሆን የቆየ ታሪክ አለ። ሐሪ ፈርጉሰን የተባለው የአየርላንድ ተወላጅ መሐንዲስ ማረሻን ከትራክተር ጋር በሦስት ነጥብ የሚያያይዘውንና በዘይት ግፊት የሚያነሣውን ዘዴ ፈልስፎ፥ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ከ1946 እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ በእንግሊዝ አገር ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ትንንሽ ግራጫ ትራክተሮች በስሙ ተሠርተዋል። ከእነርሱ ቀጥሎ የመጣውና በኋላ ማሴይ ፈርጉሰን 35 የተባለው ሞዴል በተራና በደ ሉክስ ዓይነት ይሸጥ ነበር። በተራው ላይ ሹፌሩ ፍሪሲዮኑን በረገጠ ጊዜ ጎማውም፥ ከኋላ ወጥቶ መሣሪያ የሚያዞረው የኃይል ዘንግም አብረው ይቆሙ ነበር። በደ ሉክሱ ላይ ግን ፍሪሲዮኑ ድርብ ነበር፤ እስከ ግማሽ ሲረገጥ ትራክተሩ ይቆማል፥ ዘንጉ ግን መሣሪያውን ማዞሩን አይተውም፤ እስከ መጨረሻ ሲረገጥ ብቻ ሁሉም ይቆማል። ከዚህም ሌላ የሞተሩን ዙርና የሠራበትን ሰዓት የሚቈጥር መሣሪያ ነበረው። ከዚህ ሞዴል የተወለዱ ትራክተሮች በሕንድ አገር እስከ ዛሬ ድረስ እየተሠሩ ይሸጣሉ።

አንባቢ ይህን ልብ ይበል። ያ ድርብ ፍሪሲዮን ስሙ የቅንጦት ይሁን እንጂ ሥራው የቅንጦት አልነበረም። ሣር የሚያጭድ ወይም ድርቆሽ የሚያስር መሣሪያ ያላት መኪና ወፍራም ሣር በገጠማት ጊዜ፥ ሹፌሩ ትራክተሩን አቁሞ መሣሪያው የያዘውን እንዲጨርስ መተው አለበት። ዘንጉ አብሮ ከቆመ ሣሩ በመሣሪያው ውስጥ ይታነቃል፤ ሹፌሩም ወርዶ በእጁ ሊያወጣው ይነሣል፤ ብዙ ሰው ጣቱንና እጁን ያጣው እንደዚህ ባለው ሥራ ላይ ነው። ዛሬም ቢሆን ደ ሉክስ በተባሉት ትራክተሮች ላይ ይህ ነገር ተሻሽሎ ዘንጉ ለብቻው የሚቆምበትና የሚነሣበት ሆኖ ይገኛል። ከብት የሚያደልብና መኖ የሚያጭድ ሰው ይህን ሳያይ ተራውን ቢገዛ ይጸጸታል። ማረስና መከስከስ፥ ምርት በተጎታች ማመላለስ፥ በአንድ ቦታ አቁሞ ስንዴ መውቃት ብቻ ለሆነ ሰው ግን ተራው ፍሪሲዮን ይበቃዋል። እንግዲህ አንዱ ዕቃ ለአንዱ ገዢ ግዴታ፥ ለሌላው ትርፍ ወጪ መሆኑ ከዚህ ይታያል።

ከሁሉ ይልቅ በአገራችን ገዢዎች ዘንድ የሚዘነጋው የአየሩ ነገር ነው። በፕሮፎርማው ላይ የሚጻፈው የፈረስ ጉልበት ለዝቅተኛ አገር የተለካ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር ከባሕር ወለል በላይ በየ300 ሜትሩ በግምት 3 በመቶ ያህል ጉልበት እንደሚያጣ በመሐንዲሶች ዘንድ የታወቀ ደንብ ነው፤ አየሩ ስለሚሳሳ የሚቃጠለው ናፍጣ በቂ አየር አያገኝምና። ይህ ከሆነ ዘንድ በወረቀት ላይ 35 የፈረስ ጉልበት የተባለው ሞተር፥ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት በአሰላ አካባቢ ሲሠራ የሚቀረው 27 ገደማ ነው። በደብረ ብርሃን በኩል 2,800 ሜትር ላይ ቢወጣ ደግሞ ወደ 25 ይወርዳል። ገዢው የከፈለው የ35ቱን ዋጋ ነው፤ የሚያርስለት ግን 25ቱ ነው። ተርቦ ያለው ሞተር ይህን ጉድለት አብዛኛውን ይሞላል። በብዙ ፋብሪካዎች ዘንድ ተርቦ የሚገኘው በከፍተኛው ሞዴል ላይ ስለ ሆነ፥ በሞቃትና በዝቅተኛ አገር ትርፍ ጌጥ የሚመስለው ነገር በደጋ አገር የእርሻው ጉልበት ሆኖ ይገኛል። በሁመራ ወይም በአዋሽ ሸለቆ የሚያርስ ሰው ስለ ከፍታ ብሎ ለተርቦ ገንዘቡን ባያወጣ አይፈረድበትም። እርግጥ ተርቦም የራሱ ጠባይ አለው፤ ንጹሕ ዘይትና ንጹሕ የአየር ማጣሪያ ይፈልጋል፤ ከከባድ ሥራ በኋላም ሞተሩ ወዲያው ሳይጠፋ ጥቂት ደቂቃ በዝግታ እንዲዞር መተው ይገባል። ይህን ሹፌሩ እንዲያውቀው ማድረግ የባለቤቱ ፈንታ ነው።

ሁለተኛው አፈሩ ነው። በኢትዮጵያ ከ12 ሚሊዮን ሔክታር በላይ የሚሆነው መሬት ጥቁር ዋልካ ነው። ዋልካ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፥ ሲረጥብ እንደ ማጣበቂያ ይይዛል። በዚህ መሬት ላይ በኋላ ጎማው ብቻ የሚነዳ ቀላል ትራክተር በሰኔ ዝናብ ከገባ፥ ሊያርስ የሄደው መኪና በበሬ ተስቦ የሚወጣበት ጊዜ አለ፤ ለጎረቤት ሳቅ፥ ለባለቤቱ ግን ኪሳራ ነው። ስለዚህ ማሳው ዋልካ የሆነበት ሰው የፊት ጎማዎቹም የሚነዱለትን ይምረጥ። በስምጥ ሸለቆ በኩል በለሰለሰና ሜዳ በሆነ አፈር ላይ የሚያርስ ሰው ግን ያንን ገንዘብ ለሌላ ነገር ቢያውለው ይሻለዋል፤ የፊት ጎማን የሚያዞረው ክፍል ጥርሱም፥ ዘይቱም፥ ጥገናውም ተጨማሪ ነውና።

ከሹፌሩ ጀርባ የሚቆመውን የብረት ቅስት በሚመለከት ምርጫ ሊኖር አይገባም። ትራክተር በተገለበጠ ጊዜ የሹፌሩን ሕይወት የሚያተርፈው ይህ ቅስት ከመቀመጫ ቀበቶው ጋር ነው። በስዊድን አገር እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ከ1959 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ ትራክተር ሁሉ ይህ ዓይነት መከላከያ እንዲኖረው በሕግ የታዘዘው ብዙ ገበሬ ከመኪናው ሥር ሆኖ ስለ ሞተ ነው። ማሳችን ዳገትና ቁልቁለት የበዛበት ሆኖ ሳለ ይህን ብረት «ተጨማሪ ዕቃ» ብሎ ለብቻው ዋጋ የሚጽፍ ፕሮፎርማ ሲቀርብ ያሳፍራል፤ ዋጋውን ለመቀነስ ብሎ ከዝርዝሩ የሚሰርዘው ገዢ ግን ከዚያ ይልቅ ያሳፍራል።

አሁን ደግሞ ወደሚቀነሰው እንለፍ። በመስታወት የተዘጋና አየሩን የሚያቀዘቅዝ ክፍል ለደጋ እርሻ የሚያስፈልግ አይደለም፤ መስታወቱ በአንድ ቅርንጫፍ ይሰበራል፥ ማቀዝቀዣውም በገጠር የሚጠግነው አይገኝም። ማርሽ ሳይቀያየር በዘይት ግፊት ብቻ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚሄደው «ሃይድሮስታቲክ» የተባለው ካምቢዮ ከፊቱ አካፋ ተገጥሞለት ፍግና አፈር ለሚያመላልስ ትራክተር በእውነት ይመቻል፤ ለማረስ ግን ከሞተሩ ጉልበት ጥቂቱን ራሱ ይበላል፥ ዘይቱና ማጣሪያውም የተለየ ነው። አብዛኛው ሥራው ማረስ የሆነ ሰው ተራውን የማርሽ ካምቢዮ ይግዛ። የአገራችን መካኒክ የማርሽ ካምቢዮ በዛፍ ጥላ ሥር ፈትቶ መልሶ የሚገጥም ባለሙያ ነው፤ ያኛውን ግን ለመንካት ይፈራል፥ መፍራቱም ደግ ነው።

ኤሌክትሪክ የበዛበትን ሞተር በተመለከተ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአሜሪካ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ከ25 የፈረስ ጉልበት በላይ የሆነ አዲስ የናፍጣ ሞተር ጭሱ በጣም እንዲቀንስ በመታዘዙ፥ ብዙዎቹ ፋብሪካዎች በኮምፒዩተር የሚታዘዝ የናፍጣ አረጫጨትና ጥላሸቱን የሚያጠራቅም ማጣሪያ ጨምረውበታል። ለአየሩ ንጽሕና የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ይህ ማጣሪያ ድኝ የሌለው ያህል የተጣራ ናፍጣ ይፈልጋል፤ ጥላሸቱንም በየጊዜው አቃጥሎ ለማስወገድ ሞተሩ ያለ ሥራም ቢሆን እንዲሞቅ ይጠይቃል። በበርሜል ተጭኖ ወደ ገጠር የሚሄድ ናፍጣ ምን ያህል አቧራና ውኃ እንደሚገባበት ለማንም የተሰወረ አይደለም። ከዚህ ሕግ ለመዳን ሲሉ ፋብሪካዎቹ ልክ ከ25 በታች ያደረጉት ቀላል ሞተር ደግሞ ለጥገና ይመቻል፤ ዳሩ ግን ከላይ እንደ ተባለው አሰላ ሲደርስ 19 ገደማ ይሆናልና ለደረቅ ዋልካ አይበቃም። ስለዚህ በደጋ ለሚያርስ ሰው የሚስማማው ከ40 እስከ 50 የፈረስ ጉልበት ያለው፥ በኮምፒዩተር ሳይሆን በተራ የናፍጣ ፓምፕ የሚሠራ ሞተር ነው። እንደዚህ ያለው ዛሬም ከሕንድ፥ ከቱርክና ከቻይና ይመጣል።

ስለ ወንበሩ አንድ ቃል ሳይነገር ሊታለፍ አይገባም። ብዙ ነጋዴ ከደ ሉክሱ ዝርዝር ላይ መጀመሪያ የሚሰርዘው የሚለጠጠውን ወንበር ነው። ወንበሩን የሚመርጠው ነጋዴው ነው፤ በላዩ ላይ በቀን አሥር ሰዓት የሚቀመጥበት ግን ሹፌሩ ነው። በክረምት መካከል ወገቡን አሞት የቀረ ሹፌር ከተሰበረ ካምቢዮ የማይተናነስ ጉዳት ያደርሳል። የወንበሩም ዋጋ ከመኪናው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ሰዓት ቈጣሪውም እንዲሁ ነው። ባለ እርሻው በአዲስ አበባ፥ ትራክተሩ ደግሞ በ200 ኪሎሜትር ርቀት ላይ በሚሠራበት ጊዜ፥ በቢሮ ተቀምጦ ሒሳብ የሚይዝ ሰው ሞተሩ ስንት ሰዓት እንደ ሠራ ካላወቀ፥ የወጣው ናፍጣ ለማን ማሳ እንደ ዋለ ሊያውቅ አይችልም። ዘይት የሚለወጥበትም ጊዜ የሚታወቀው በሰዓቱ ነው። በየሳምንቱ ቅዳሜ ሹፌሩ ቍጥሩን በስልክ ቢያስታውቅና በደብተር ቢመዘገብ፥ ይህች ትንሽ መሣሪያ ታማኝ ተቈጣጣሪ ትሆናለች።

አሁን በሁለቱ ፕሮፎርማዎች መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት በምን ላይ ቢውል ይሻላል? ለስሌት ያህል ልዩነቱ 400,000 ብር ነው እንበል፤ ገንዘቡም በ15 በመቶ ወለድ ከባንክ የተገኘ ይሁን። ጌጡ በዓመት 60,000 ብር ወለድ ይበላል ማለት ነው። ትራክተር ብቻውን አያርስም። ማረሻ፥ መከስከሻ፥ መዝሪያና ተጎታች ያስፈልገዋል። ደ ሉክሱን ገዝቶ ማረሻ ብቻ የቀረው ሰው ትራክተሩን ከሰኔ እስከ ነሐሴ አሠርቶ የቀረውን ዘጠኝ ወር ያቆመዋል። ተራውን ገዝቶ በልዩነቱ ተጎታችና መውቂያ የጨመረው ግን በጥቅምት ምርት ያመላልሳል፥ በታኅሣሥና በጥር ይወቃል። አንድ ጥማድ በሬ በቀን የሚያርሰው ሩብ ሔክታር ገደማ ስለ ሆነ፥ ግማሽ ጋሻ፥ ማለት 20 ሔክታር፥ አንድ ጊዜ ለመገልበጥ 80 የጥማድ ቀን ይፈጃል። አነስተኛው ትራክተር ይህን በሁለት ሳምንት ገደማ ይጨርሰዋል፤ የቀረው ጊዜ ለጎረቤት በኪራይ የሚሠራበት ነው። በ1960ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ በጭላሎ አውራጃ ትራክተር ሲበዛ ብዙ ጭሰኞች ከሚያርሱት መሬት መፈናቀላቸው የሚረሳ አይደለም። ዛሬ ግን መኪናው የጎረቤቱን ማሳ በተመጣጣኝ ኪራይ የሚያርስ ከሆነ፥ ባለቤቱ ዕዳውን ይከፍላል፥ በአካባቢውም ሰላም ያገኛል።

በአንጻሩ «ዛሬ ትንሽ ጨምሮ ደ ሉክሱን የገዛ ሰው በሚሸጥበት ጊዜ ገንዘቡን መልሶ ያገኛል» የሚሉ አሉ። ይህ ለከተማ አውቶሞቢል እውነት ሊሆን ይችላል። አሮጌ ትራክተር የሚገዛ ገበሬ ግን ቀለሙንና መብራቱን አይቶ አይገዛም፤ ሞተሩን ያስነሣል፥ ጭሱን ያያል፥ ከዚያም «መለዋወጫው የት ይገኛል?» ብሎ ይጠይቃል። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሌለው መኪና ደ ሉክስም ቢሆን በብረት ዋጋ ይሸጣል።

የመለዋወጫ ነገር ከተነሣ ዘንድ፥ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር በተወሰነ ጊዜ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ መድረሱን ነጋዴ ሁሉ ያስታውሰዋል። ትራክተሩ የተገዛው አንድ ጊዜ ነው፤ መለዋወጫው ግን በየዓመቱ በዶላር ይገዛል። የዕቃው ዓይነት በበዛ ቍጥር ለምንዛሪ መለዋወጥ የሚጋለጠው ወጪ ይበዛል። ስለዚህ ገዢው ዋጋውን ከመጠየቁ በፊት የናፍጣ፥ የዘይትና የአየር ማጣሪያ፥ የፍሪሲዮን ሸራ፥ የራዲያተር ቀበቶና ጎማ በሻጩ መጋዘን መኖራቸውን በዓይኑ ሊያይ ይገባዋል። በካታሎግ ላይ መኖራቸው አይበቃም። ለአስመጪዎችም የሚነገር አለ፤ አሥር ትራክተር አስገብቶ የአንዱን ፍሪሲዮን እንኳ ሳያስመጣ የቀረ ነጋዴ የሸጠው መኪና ሳይሆን ክርክር ነው። ጌጥ የበዛበትን ሞዴል ማስመጣት ትርፉ ከፍ ያለ ቢመስልም፥ አንድ ወጥ ተራ ሞዴል በብዛት አስገብቶ መለዋወጫውን ያሟላ አስመጪ ደንበኞቹን ለብዙ ዓመት ይዞ ይቈያል።

የእርሻ መኪናዎች ከቀረጥና ከታክስ ነፃ ሆነው እንዲገቡ በ2011 ዓ.ም. በገንዘብ ሚኒስቴር መወሰኑ ለዚህ ሥራ ትልቅ እርዳታ ሆኗል። ቢሆንም ገዢው በውሉ ቀን የሚሠራበትን ዝርዝር አይቶ፥ ተጎታቹና መለዋወጫው አብረው ይካተቱ እንደ ሆነ በጽሑፍ ማረጋገጫ መቀበል አለበት። በቃል የተነገረ ነገር በጉምሩክ በር ላይ አይሠራም።

ለመጪው ክረምት የሚያስብ ሰው ትእዛዙን ከጥቅምት ሳያሳልፍ ቢልክ መልካም ነው፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና። የባንኩ ሰነድ፥ የመርከቡ ጉዞ፥ ከጅቡቲ የሚደረገው ጭነትና የጉምሩኩ ሥርዓት ተደማምሮ ወራት ይወስዳል። በትእዛዙ ደብዳቤ ላይ «ተራ» ወይም «ደ ሉክስ» ብሎ መጻፍ አይበቃም። ማሳው ያለበት ከፍታ በሜትር፥ የአፈሩ ዓይነት፥ ሊያያይዝ የሚፈልገው መሣሪያ ሁሉ፥ ተርቦ፥ የፍሪሲዮኑ ዓይነት፥ የፊት ጎማ አነዳድ፥ የብረት ቅስቱና ቀበቶው፥ ሰዓት ቈጣሪው፥ ወንበሩ እያንዳንዱ በየመስመሩ ከነዋጋው ይጻፍ፤ የማይፈለገውም «አይጨመር» ተብሎ ይጻፍ። ሻጩ አንዱን ሳይለይ ድምሩን ብቻ ጽፎ ቢመልስ ደብዳቤው እንደ ገና ይላክለት። መኪናው ሲደርስም ገንዘቡ ተከፍሎ ከማለቁ በፊት ሹፌሩና አንድ የታመነ መካኒክ አብረው ቀርበው፥ ማረሻ ተያይዞበት በማሳ ላይ ቢያንስ ግማሽ ቀን ይፈትኑት፤ ይህም በግንቦት፥ መሬቱ ገና ደረቅ ሳለ ይሁን።